ዳባት ሂዳለች

ድምፄ ትልቅ ነው። ደባርቅ ሳስተምር፣ እኔ ለአምስተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስረዳ ግድግዳ የሚጋሩን የሦስተኛ ክፍል ልጆችም አብረው ሳይንስ ይማሩ ነበር። ርእሰ መምህሩ "መስኮት ዝጊ" ማለቱን ተስፋ ቆርጦ ትቶታል። እናቴ "ይችን ልጅ ስወልድ ቀድሞ የወጣው ድምጿ ነው" ትላለች፤ ሰው ሲስቅ እሷ አትስቅም፣ የምሯን ነው። ቀስ ብሎ መናገር ሞክሬው አልሆነልኝም። በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ድምፄን ውጬ ውያለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄን ያማጥኩ ዕለት።

ዘመኑ የደርግ ነው። እናቴ የምትኖረው ከሊማሊሞ በታች፣ አዲ አርቃይ ቆላው ውስጥ ነበር። በአገራችን ደንብ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ነፍሰ ጡሯ ወሯ ሲገፋ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፣ እናቷ ቅቤዋንና የገንፎ እህሏን አዘጋጅታ ትጠብቃታለች፣ ባልም ወሬ እየጠበቀ አርፎ ይቀመጣል። የእኔ ግን አልሆነም። በዚያ ዓመት መንገዱ ክፉ ነበር። ሊማሊሞን የሚወጣና የሚወርድ መኪና በወታደር ካልታጀበ አይንቀሳቀስም፤ አጀቡ መቼ እንደሚነሳ ደግሞ ሹፌሮቹም አያውቁም። ያን የመሰለ ሆድ ይዤ በዚያ ጠመዝማዛ ልውረድ ብል የሚያሳፍረኝ ሹፌር አልነበረም። እናቴም "አንቺ አትንቀሳቀሺ፣ እኔ እመጣለሁ" ብላ ላከችብኝ። "ሳልመጣ እንዳትወልጂ" የሚልም ጨምራበታለች፤ በእሷ ቤት ይህም በትእዛዝ የሚሆን ነገር ነው።

ቀልድ ግን አልነበረም። ታላቅ እህቴ የሞተችው በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ነው። እኔ ያኔ ጎንደር መምህርነት እየተማርኩ ስለነበር የደረሰኝ ወሬው ብቻ ነው። ምጡ ጠናባት፤ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት መንገድ ላይ አለፈች፣ ልጁም አልተረፈም። እናቴ ስለዚያ ቀን እስከዚያ ድረስ አውርታ አታውቅም ነበር። እኔ ማርገዜን ስትሰማ የላከችልኝ ቃልም የደስታ ቃል አልነበረም። "ጀርባዋን የምይዛት እኔ ነኝ" የሚል ነበር። የምታምጥ ሴት ከኋላዋ ሆኖ ወገቧን የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋታል፤ ያ ሰው እሷ እንድትሆን ነው የፈለገችው። እኔም ከእሷ በቀር ማንም እንዲይዘኝ አልፈልግም ነበር። እንደ እህቴ እሞታለሁ ብዬ በጣም ፈርቻለሁ። እናቴ ከኋላዬ ካለች ግን አልሞትም የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። የሳይንስ አስተማሪ ብሆንም ያመንኩት ይህንን ነው።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሆነ ቁጥር ጆሮዬ ሊማሊሞ ነው። ዳገቱን ጨርሶ የሚወጣ የጭነት መኪና ገና ከሩቅ ሲያጓራ ይሰማል። በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን አጣፍቼ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት እወርዳለሁ። ከመኪናው ላይ ጨው ይወርዳል፣ ወታደር ይወርዳል፣ ፍየል ይወርዳል። እናቴ አትወርድም።

በእሷ ምትክ አማቴ መጣች። ባለቤቴ ሥራው ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃ በር የሚባለው ሰፈር ስለነበር ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ብቻዬን እንዳልሆን ብሎ እናቱን ከጊች መንደር በበቅሎ አስመጣልኝ። እኛ የተጋባነው ጎንደር፣ በጓደኞቻችን ምስክርነትና በጥቂት ጠርሙስ ለስላሳ ነው፤ ሁለቱ እናቶች ተያይተው አያውቁም። አማቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማትወድ ሴት ናት። የገብስ ዱቄትና ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ ገባች፣ "እንዴት ሰነበትሽ" አለች፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አልተናገረችም። እኔ ደግሞ ዝም ካለ ሰው ጋር መቀመጥ አልችልም። ስለ ትምህርት ቤቱ አወራኋት፣ ስለ ቀበሌው አወራኋት፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራኋት። ሁሉንም ሰምታ "እንዲያ ነው?" አለች። በሆዴ ባለቤቴ ዝምታውን ከየት እንዳመጣው ዛሬ ገባኝ አልኩ።

አንድ ነገር ላይ ግን አፏን ከፈተች። "ምጥሽ ሲመጣ ለኔ ብቻ ነው የምትነግሪኝ" አለችኝ። "ምጥ ሰው በሰማው ቁጥር ይረዝማል። ድምፅሽንም ደጅ እንዳታሰሚ።"

"እማማ፣ እኔ እኮ ሳልታመምም ድምፄ ደጅ ይሰማል" አልኳት።

"ሰምቸዋለሁ" አለች።

ምጥን መደበቅ በእኛም በኩል ያለ ነገር ነው፤ የአማቴ ግን የባሰ ነበር። ለባለቤቴ እንኳ እንዳይላክ ብላ አስጠንቅቃለች። እኔ ከጤና ጣቢያው ምክር ይዤ ነበር። የጤና ረዳቱ የእንጨት መስሚያውን ሆዴ ላይ አድርጎ የልጁ ራስ ወደ ታች መሆኑን ነግሮኛል። ሲያምሽ ትንፋሽሽን አትያዢ፣ አስረዝመሽ አውጪው፤ አትተኚ፣ ተራመጂ፤ ጧት ከጀመረሽ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተገላገልሽ ወዲያው ያምጡሽ ብሎኛል። ባለቤቴ ያንን ሰምቶ ከረጃጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ቃሬዛ ሠርቶ ከጓሮ፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ አቁሞልኝ ነበር። ለደኅንነቴ ብሎ ነው። እኔ ግን ያንን ቃሬዛ ላለማየት ጓሮ መውጣት ትቼ ነበር።

ምጡ የጀመረኝ ጧት፣ ለትምህርት ቤት ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ነው። ከወገቤ ተነስቶ እንደ መቀነት ዙሪያዬን ጠበቅ አደረገኝና ለቀቀኝ። ቀና ስል አማቴ እያየችኝ ነው። ጫማዬን ከእጄ ወሰደችና አልጋ ሥር አስገባችው። ከዚያ በግቢው የምትኖረውን የቤት አከራዬን ጠራቻት፤ ሴትየዋ የሰፈሩ አዋላጅ ናት። የጠራቻት ግን "ወንፊት አውሽኝ" ብላ ነው። አከራዬ ወንፊት ይዛ መጣች፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋች፣ ወንፊቱን ጥላ እጇን ታጠበች። እኔ በሕመሜ መካከል ሳቄ መጣ።

ብዙ ሳይቆይ በር ተንኳኳ። ርእሰ መምህሩ ምነው ቀረች ብሎ ተማሪ ልኮ ነው። አማቴ በሩን ገርበብ አድርጋ "ዳባት ሂዳለች" አለች። ዳባት ቀጥሎ ያለው ከተማ ነው፤ ልጁ አምኖ ሄደ። ቀጥሎ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯ ለስብሰባ ልትጠራኝ መጣች። "ዳባት ሂዳለች።" ሊቀ መንበሯ፣ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ ማን ሂጂ አላት ብላ ተቆጣች። አማቴ "ሂዳለች" ብላ ዘጋችው። ያቺ ወሬ የማትወድ ሴት ውሸት ላይ እንዲህ የተዋጣላት መሆኗን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ረፋዱ ላይ መሳቅ ቀረ። ምጥን ያላየ ሰው ሕመም ያውቃል፣ ምጥን ግን አያውቅም። የራስ ምታት ይዞ ይቆያል፤ ምጥ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲሄድ ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ያደርግሻል፤ ከዚያ ተመልሶ ሲመጣ ከቀድሞው የበለጠ ነው። በመካከሉ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፣ ቆሜም ቢሆን። አማቴ ከጓዳ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጓዳ ታራምደኛለች፤ ሲመጣብኝ የአልጋውን ቋሚ አስይዛ በቅቤ የራሰ እጇን ወገቤ ላይ ትጭናለች። እጇ ያረፈበት ቦታ ለጊዜው ይቀለኛል። አጥሚት ታቀምሰኛለች፣ ተልባ ታጠጣኛለች። አከራዬ በተፈጥሮዋ ለፍላፊ ናትና በሹክሹክታ መለፍለፍ አቃታት፤ እየተቆጣችኝም ሆነ እያጽናናችኝ ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው። ከንፈሯ ግን "ማርያም፣ ማርያም" ማለቱን አላቋረጠም።

እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሻለሁ። መጮህ ሲያምረኝ የጤና ረዳቱ እንዳለኝ ትንፋሼን አስረዝሜ አወጣለሁ። ረድቶኛል፣ አልዋሽም። ግን ከሁሉ የከበደኝ ሕመሙ አይደለም፣ ዝምታው ነው። አንዴ አልቻልኩም፤ "እማዬ" አልኩ፣ በትንሹ።

"አለሁ" አለች አማቴ ከኋላዬ።

"እርስዎን አይደለም" አልኳት።

እጇን ግን ከወገቤ አላነሳችም።

እኩለ ቀን ገደማ በሩ እንደገና ተንኳኳ። ያኔ ምጡ ይዞኝ ስለነበር የማንንም ድምፅ አልለየሁም። አማቴ ወጣች፣ ወዲያው ተመለሰች። "ማን ነው?" አልኳት። "ሰው ነው፤ ሸኘሁት" አለች።

ያ ሰው እናቴ ነበረች። ይህን ያወቅሁት በኋላ፣ እሷው ስትነግረኝ ነው፤ ነገር ግን ቦታው እዚህ ነው።

እናቴ ከወታደሮቹ አጀብ ጋር በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሊማሊሞን ወጥታለች። ከመኪና ወርዳ እየጠየቀች በሬ ድረስ መጣች። አንዲት ረጅም ሴት ወጣችላት። "የመምህሯ ቤት ይህ ነው?" ብላ ጠየቀች። "ነው፤ እሷ ግን ዳባት ሂዳለች።" እናቴ "እናቷ ነኝ" ልትል አፏን ከፍታ ሳለ የሴትየዋን እጅ አየች። እስከ ክርኗ ድረስ ቅቤ ነው። መቀነቷም ተፈቷል፤ በምታምጥ ሴት ዘንድ የታሰረ ነገር አይኖርም። እናቴ ሁሉ ነገር ገባት። አፏን መልሳ ዘጋች። "እሺ፣ ደግ" ብላ ዞረች።

ለምን አልገባሽም ብዬ ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። አብሬሽ ልሁን ብላ ስንት ተንገላታ፣ ደጄ ላይ ደርሳ መመለሷ እስከ ብዙ ዓመት አናዶኛል። የመለሰችልኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የእህቴ ምጥ ሲጀምር ደንግጣ ለጎረቤቱ ሁሉ የተናገረችው እሷ ነበረች። ግቢው በሰው ሞላ፤ የመጣው ሁሉ "እስካሁን?" ይላል። ምጡ አልፈታ አለ። "በአፌ ነው ያሰርኳት" አለችኝ። እኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እህቴን የገደላት የመንገዱ ርቀት ነው፤ ይህንንም ነገርኳት። ሰማችኝ፣ ግን አላመነችኝም። ያን ዕለት በሬ ላይ ቆማ "እናቷ ነኝ፣ አውቄያለሁ" ብትል የእኔም ምጥ የሚረዝም መሰላት። ስለዚህ ጀርባዬን ለመያዝ የመጣችበትን ነገር ትታ አላወቅሁም ብላ መሄድን መረጠች።

ሩቅ ግን አልሄደችም። የግቢውን አጥር ዞራ ከጓሮ ገባች፣ ከማገዶው ክምር ሥር ተቀመጠች። የራሷን መቀነት ፈታች። ቃሬዛው አጠገቧ ቆሟል። የደባርቅን ብርድ ታውቁት እንደሆነ፣ ፀሐይ እያለም ይሰረስራል፤ እሷ ደግሞ የቆላ ሰው ናት፣ በስስ ነጠላ ነው የመጣችው። በእኔና በእሷ መካከል አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር።

ተቀምጣም ድምፄን ጠበቀች። ልጇን ታውቃለች፤ ጣቴን እሾህ ቢወጋኝ ሰፈር የምሰበስብ ነኝ። አንድ ጩኸት ብትሰማ ይበቃት ነበር፤ አለች ብላ ታርፋለች። እኔ ደግሞ ውስጥ ነጠላዬን ነክሼ፣ አማቴን እንዳላሳፍር፣ ተማሪዎቼ እንዳይሰሙኝ እያልኩ እታገላለሁ። እናቴ ምንም አልሰማችም። ቆየች፣ አሁንም ምንም የለም። ቃሬዛውን እያየች ዋለች።

ውስጥ የነበረውን ልጨርስ። ከሰዓት በኋላ የሽርት ውሃዬ ፈሰሰ፣ ሕመሙም መልኩን ለወጠ። ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። "በቃኝ፣ ነገ እወልዳለሁ፣ ልሂድ" አልኩና እውነትም ወደ በሩ ሄድኩ። አከራዬ ይህንን ስታይ ፊቷ በራ፤ እንዲህ ማለት ከጀመረች ቀርቧል ማለት ነው ብላ ለአማቴ ሹክ አለቻት። እኔ ግን የማስበው ስለ እህቴ ነበር። እሷም እንዲህ ብላ ይሆን? እሷም በሩን አይታ ይሆን? በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ፀሐይ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለኝን የጤና ረዳት አስታወስኩ፣ ቃሬዛውን አስታወስኩ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አማቴ ከኋላዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጉልበቶቿን ግራና ቀኝ አድርጋ በደረቷ ደገፈችኝ፣ ክንዶቿን በብብቴ ሥር አሳልፋ ያዘችኝ። ልቧ ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፤ እንደ እኔው ይሮጣል። ለካ ያቺ ድንጋይ የመሰለችኝ ሴት ያን ሁሉ ሰዓት ስትፈራ ነው የዋለችው። ይህን ስረዳ ደነገጥኩ፣ ወዲያው ደግሞ ወደድኳት።

"እማዬ" አልኩ እንደገና።

"አለሁ" አለች።

በዚህኛው አላረምኳትም።

አከራዬ ከፊቴ ተንበርክካ "አሁን አምጪ" አለች። ማማጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ምጡ እኔን ሲሠራኝ ነው የዋለው፤ ከዚያ በኋላ ግን እኔም ሥራ አገኘሁ። በሚቀጥለው አማጥኩ፣ በሚቀጥለው አረፍኩ፣ እንደገና አማጥኩ። የተቀደድኩ መሰለኝ። ነጠላው በጥርሴ ተበስቷል። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር ወጥቶ ሁሉ ነገር ባዶና ሙቅ ሆነ፣ አከራዬም ቀኑን ሙሉ ያፈነችውን ድምፅ ለቃ "እሰይ! እሰይ! እሰይ!" አለች።

ልጅቷ አለቀሰች። ድምጿ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አማቴ በክንዶቿ እንደያዘችኝ ፊቷን አንገቴ ውስጥ ደብቃ ቆየች፤ አንገቴን የሚያርሰው ላቤ አለመሆኑን አውቄያለሁ። እትብቱ ተቆረጠ፣ የእንግዴ ልጁም በሰላም ወጣ። አከራዬ ደሙን አይታ "ደኅና ነው፣ ማርያም ማረችሽ" አለች። እኔ መናገር አቅቶኝ ጣሪያውን አያለሁ። ከሕይወቴ ሁሉ ያለ ትእዛዝ ዝም ያልኩት ያኔ ነው።

አማቴ ተነስታ እልል ልትል ወደ ጓሮው ወጣች። ከወለዱ በኋላ የሚደበቅ ነገር የለም። ለሴት ልጅ የሚባለውን እልልታ አለች። እኩለ ቀን የሸኘችውን ሰው እዚያ ስታይ ንግግሯ በግድግዳው በኩል መጣ።

"ምነው እሜቴ፣ ዳባት አልሄዱምሳ?"

ለአማቴ ቀኑን በሙሉ ደጅ ያለ ሰው ሁሉ ጠላቷ ነበር፤ አሁን ግን ደስታ ልቧን ከፍቶታል፣ ለመንገደኛም ቢሆን ልትናገር ቸኩላለች። "ተገላግላለች እኮ! ሴት ናት፣ ደኅና ልጅ ናት!" አለቻት።

ያኔ ከማገዶው ክምር ሥር አንድ ድምፅ ተነሣ። በብርድና በፍርሃት የደረቀ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው።

"የኔዋስ?" አለ።

ሴትየዋ ማን እንደሆነች ለአማቴ የገባት ያኔ ይመስለኛል።

እኔ ግን ቃሉ ሳያልቅ ነው ያወቅሁት። ቀኑን ሙሉ ያፈንኩት ጩኸት ሁሉ፣ ከጧት ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ፣ አንድ ላይ መጣ።

"አለሁ! እማዬ፣ አለሁ!"

ከትምህርት ቤት እየወጡ የነበሩ ተማሪዎቼ ሰምተውኛል። "ቲቸር ከዳባት መጡ ተባባልን" ብለው በኋላ ነግረውኛል። እናቴ መቀነቷ እንደተፈታ፣ በአማቴ ክንድ ተደግፋ ገባች። አከራዬ ልጅቷን ጠቅልላ ልታሳያት እጇን ዘረጋች፤ እናቴ ግን በአጠገቧ አለፈች። አልጋዬ ግርጌ ተንበረከከች፣ ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ ሁለት እግሮቼን በረዶ በሆኑ እጆቿ ያዘች።

"ሞቃት ናቸው" አለች ለአማቴ። እግሬን አልለቀቀችም። "እዪው፣ ሞቃት ናቸው።"